የቆመ ቀን ዋጋ፦ በጅቡቲ መስመር ላይ የጭነት መኪና ወጪ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ፦ «ሁለት ባለተሳቢ የጭነት መኪኖች አሉኝ። አንዱ የቆየና ዕዳ የሌለበት ነው፤ ሌላው በባንክ ብድር የተገዛ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ዕዳ ገና አልተከፈለም። ሁለቱም ከጅቡቲ ወደ ሞጆ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ይጭናሉ። የማጓጓዣ ዋጋው ቢጨምርም ናፍጣ፣ ጎማና መለዋወጫ ከዚያ በላይ እየጨመሩ በወሩ መጨረሻ እጄ ላይ የሚቀር ገንዘብ የለም። ጂፒኤስ አስገጥሜ ናፍጣውን ብቆጣጠር ይሻላል ወይስ አሮጌውን ሸጬ በአንዱ ብቻ ልሥራ? ከየትኛው ወጪ ልጀምር?»

ምላሽ፦

ከመኪናው የቆመ ቀን ይጀምሩ። ናፍጣው ሁለተኛ ይሁን፤ የሽያጩን ነገር ደግሞ የሁለቱን መኪኖች ሒሳብ ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ያንሡት። ናፍጣ ከአንድ ቢያጆ (የደርሶ መልስ ጉዞ) ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በምን ያህል እንደናረ ባለንብረት ለሆነ ሰው መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ የናፍጣን ዋጋ እርስዎ አይወስኑትም፤ ከፍጆታውም ሊቆጥቡ የሚችሉት፣ ከዚህ በታች እንደማሳየው፣ ከሚገምቱት ያነሰ ነው። በአንጻሩ መኪናው በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ በር ላይ፣ በጋላፊ የድንበር ኬላና በማራገፊያ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ቀናት በመዝገብዎ ላይ በየትኛውም መስመር ስለማይጻፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉዎት አይታዩም።

የጭነት መኪና ወጪ በሁለት መለኪያ ይቆጠራል። አንዱ ኪሎ ሜትር ነው፤ ናፍጣ፣ ጎማ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራና ፍሪሲዮን መኪናው በሄደ መጠን ያልቃሉ። ሌላው ቀን ነው፤ የባንክ ወለድ፣ የመድን ዓረቦን፣ የሹፌርና የረዳት ደመወዝ፣ የቦሎና የባለንብረቶች ማኅበር ክፍያ እንዲሁም የመኪናው የእርጅና ቅናሽ፣ መኪናው ሄደም አልሄደም፣ በመሸ ቁጥር ይቆጠራሉ። በእኛ ዘርፍ አብዛኛው ባለንብረት ሒሳቡን የሚይዘው በቢያጆ ነው፤ መኪናው ሲመለስ ከተከፈለው ገንዘብ ላይ ለናፍጣ፣ ለውሎ አበልና ለመንገድ የወጣውን ይቀንስና የቀረውን ትርፍ ይለዋል። በዚህ አያያዝ በ8 ቀን ደርሶ የተመለሰ መኪናና በ18 ቀን የተመለሰ መኪና እኩል ያተረፉ ይመስላሉ።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የወሰድኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ቁጥሮች ይተኳቸው፤ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። ባለ ብድሩ መኪና ከነተሳቢው ዛሬ 12 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ከ10 ዓመት በኋላ በ4 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 800,000 ብር ነው። ቀሪው ዕዳ 6 ሚሊዮን፣ ወለዱም 16 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ወለድ 960,000 ብር ይሆናል። መድን 300,000፣ የሹፌርና የረዳት ደመወዝ 300,000፣ ቦሎ፣ የማኅበር ክፍያ፣ ማቆሚያና ልዩ ልዩ 160,000 ብር ቢሆን ድምሩ 2,520,000 ብር ነው። ይህን ለ360 ቀን ስናካፍለው መኪናው ሞተሩ ሳይነሣ በየቀኑ 7,000 ብር ይበላል ማለት ነው።

አሁን በኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን እንይ። ከሞጆ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ያለው ርቀት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱን 1,700 እንያዘው። መኪናው ባዶውን ሲወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 32 ሊትር፣ 400 ኩንታል ጭኖ ሲወጣ ደግሞ 52 ሊትር ቢያቃጥል በጠቅላላው 714 ሊትር ይፈልጋል፤ ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው 71,400 ብር ነው። ጎማን በተመለከተ፣ 10 ጎማ በመኪናው፣ 12 ጎማ በተሳቢው ላይ አለ፤ አንዱ 35,000 ብር ቢገዛና 70,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል የጎማ ወጪ በኪሎ ሜትር 11 ብር፣ በአንድ ቢያጆ 18,700 ብር ይሆናል። ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለጥገና በኪሎ ሜትር 9 ብር ብንይዝ 15,300 ብር ይመጣል። ውሎ አበል፣ የክፍያ መንገድና በጅቡቲ በኩል የሚወጣው ወጪ 14,600 ብር ቢሆን የአንድ ቢያጆ ተለዋዋጭ ወጪ ድምር 120,000 ብር ይሆናል።

ሁለቱን እናገናኛቸው። መኪናው በወር 2 ቢያጆ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ቢያጆ የ15 ቀን ቋሚ ወጪ፣ ማለትም 105,000 ብር ይሸከማል፤ ስለዚህ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 225,000 ብር፣ በኩንታል 562 ብር ተኩል ገደማ ማስከፈል አለበት። በወር 3 ከሆነ ይህ ቁጥር ወደ 190,000 ብር፣ በኩንታል ወደ 475 ይወርዳል፤ 4 ከደረሰ ደግሞ 172,500 ብር፣ በኩንታል 431 ብር ይበቃዋል። መኪናው ያው፣ ሹፌሩ ያው፣ የናፍጣውም ዋጋ ያው ሆኖ ሳለ በኩንታል ከ130 ብር በላይ ልዩነት የሚመጣው ከቀን ብቻ ነው። ሌላም ንጽጽር ልጨምር፤ ብዙ ደክመው የናፍጣ ፍጆታዎን በ10 በመቶ ቢቀንሱ በአንድ ቢያጆ 7,140 ብር ያተርፋሉ፤ ከቢያጆው አንድ የቆመ ቀን ቢያስቀሩም የሚያገኙት ከዚያው ጋር የሚቀራረብ 7,000 ብር ነው። አንድ ቀን ማስቀረት ግን ብዙ ጊዜ አንድ የስልክ ጥሪ ወይም አንድ ሰነድ በሰዓቱ ማድረስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ቀኖቹ የት ይሄዳሉ? 1,700 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 42 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሹፌሩ በቀን 9 ሰዓት ቢነዳ 5 ቀን ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። በ15 ቀን የሚመለስ መኪና እንግዲህ 10 ቀን ያህል ቆሟል። እነዚህን 10 ቀናት ሳያውቋቸው ሊቀንሷቸው አይችሉም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይያዙና ሹፌሩ አምስት ሰዓቶችን ብቻ እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ ወደብ በር የደረሰበትን፣ ጭኖ የወጣበትን፣ ጋላፊን ያለፈበትን፣ ማራገፊያ የደረሰበትንና አራግፎ ባዶ የሆነበትን። ደብተሩ ሲሞላ ችግሩ እርስዎ ከጠረጠሩት ቦታ ውጪ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ሰው የሚያማርረው ወደቡን ነው፤ መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ከወደቡ ባልተናነሰ ማራገፊያውን ይከስሳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማዳበሪያ ወደ ጅቡቲ የሚደርሰው በብትን ሲሆን ወደብ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ተሞልቶ ይጫናል፤ 400 ኩንታል የጫነ መኪና 800 ከረጢት ይዟል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ በሰው ትከሻ ይወርዳል። ከፊትዎ አምስት መኪና ካለና የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ አንድ ቡድን ብቻ ከመደበ፣ በዚያ ላይ ዝናብ ከጣለ ወይም መጋዘኑ ሞልቶ ከሆነ፣ የማራገፊያ ተራው ከጉዞው ይረዝማል። አንዳንድ የጭነት ባለቤቶች ደግሞ፣ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፣ መኪናውን እንደ ነጻ መጋዘን ይቆጥሩታል፤ ገዢ እስኪያገኙ ወይም ቦታ እስኪለቀቅ ጭነቱ እርስዎ ጀርባ ላይ ይቆያል። መድኃኒቱ ውል ነው። መኪናው ማራገፊያ ከደረሰ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ ለሚቆምበት ለያንዳንዱ ቀን የቆይታ ክፍያ እንዲከፈል በማጓጓዣ ውሉ ላይ ይጻፍ። እርስዎ ብቻዎን ይህን ሊያስፈርሙ ላይችሉ ይችላሉ፤ ስምሪቱ በማኅበሩ በኩል የሚመጣ ከሆነ ጥያቄው የማኅበሩ መሆን አለበት፤ ጥያቄውን ለማቅረብም የአምስት ሰዓቶቹ ደብተር ማስረጃ ይሆናል። ክፍያው የቀኑን ወጪ ሙሉ በሙሉ ባይሸፍንም እንኳ የጭነቱ ባለቤት አውራጅ ቀድሞ እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል።

በኬላ የሚጠፋው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሰነድ ነው። በትራንዚት ሰነዱ ላይ የተሳቢው የሰሌዳ ቁጥር አንድ አኃዝ ቢሳሳት መኪናው ማስተካከያ እስኪመጣ ጋላፊ ላይ ያድራል። ሹፌሩ ከወደብ ከመውጣቱ በፊት የመኪናውንና የተሳቢውን ሰሌዳ፣ የኮንቴይነሩን ቁጥርና የማኅተሙን ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ አስተያይቶ ፎቶግራፍ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ይህ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ሰነድ አስፈጻሚው) ገና ቢሮው እያለ የተገኘ ስህተትም እዚያው ይታረማል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ምክንያቱም «ቀን ቆጥቡ» የሚለውን ምክር ሹፌሮች «ፍጠኑ» ብለው ይረዱታል። የተቆጠበ ቀን ዋጋ የሚኖረው በሌላው ጫፍ ሥራ ሲጠብቀው ነው። መኪናው ሌሊቱን ሲበር አድሮ ጅቡቲ ቢደርስና እዚያ ሦስት ቀን ተራ ቢጠብቅ የተቆጠበው ቀን ወደ ተራው ይታከላል እንጂ ወደ ኪስዎ አይገባም፤ በዚያ ላይ በአፋር በረሃ የሌሊት ጉዞ የሚያመጣው የአደጋ ስጋት አለ። ስለዚህ መኪናው ከሞጆ ከመነሣቱ በፊት የመርከቡን መድረሻና የመጫኛ ተራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥበቃው የማይቀር ከሆነ ደግሞ አገር ውስጥ መጠበቁ ወጪው ያንሳል፤ መኪናው እዚህ ቢቆም ጥገናውን ይሠራል፣ ጎማውን ያዞራል፤ እዚያ ቢቆም ግን የሹፌሩ ወጪ በጅቡቲ ፍራንክ ነው። ፍራንኩ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን፣ በ1 ዶላር 177.7 ገደማ፣ የታሰረ በመሆኑ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ከተዳከመ ወዲህ በጅቡቲ የሚያድር እያንዳንዱ ሌሊት በብር ሲሰላ ብዙ ከፍ ብሏል።

ስለ ባዶ ጉዞ የሚሰጠውም ምክር ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በጅቡቲ በኩል የምታስገባው ጭነት ከምታስወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ አብዛኛው መኪና ባዶውን ወይም በባዶ ኮንቴይነር ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦቴ የሚያሽከረክሩማ ምርጫም የላቸውም። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ ወይም እስከ ሎግያና ሰመራ የሚወርድ ሲሚንቶ ካገኙ መልካም ነው። ነገር ግን ለመውረጃ ጭነት አዲስ አበባ አራት ቀን ጠብቀው፣ ተጨማሪውን ናፍጣ ከፍለው 25,000 ብር ቢቀርልዎ፣ አራቱ ቀናት 28,000 ብር ስለበሉ ባዶውን ቢወርድ ይሻል ነበር። ለመውረጃ ጭነት የሚጠበቅ እያንዳንዱ ቀን ቢያንስ የቀኑን ወጪ መሸፈን አለበት፤ ወደብ ላይ ጭነት በሞላበት ወቅት ከዚያም በላይ መሸፈን አለበት፣ ምክንያቱም ያ ቀን የሚቀጥለውን ቢያጆ ይገፋል። መርከብ በሌለበትና ተራው በረዘመበት ወቅት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ለመውረጃ ጭነት መጠበቅ ሊያዋጣ ይችላል። ወደ ላይ ለሚመለሰውም አማራጭ አለ፤ የወደቡ ተራ ሲበዛ ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚመለሱ ባለንብረቶች ከቀን ሒሳብ አንጻር ብልኆች ናቸው።

አሁን ወደ ናፍጣው እንምጣ። በመጀመሪያ መቆጠብ የማይቻለውን ማወቅ ጥሩ ነው። መኪናዎ የሚጫነው በባሕር ጠለል ላይ ሲሆን የሚያራግፈው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነችው ሞጆ ነው። አንድ ቶን ክብደት 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 9.8 ሜጋ ጁል ጉልበት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ካለው 36 ሜጋ ጁል ገደማ ጥሩ ሞተር ወደ ጎማው የሚያደርሰው 40 በመቶ ያህሉን ነው። ስለዚህ ከነጭነቱ 55 ቶን የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ 67 ሊትር ያህል ያቃጥላል፤ ምንም ዓይነት ሹፌር ይህን ሊቀንሰው አይችልም። ያው ጭነት ሞጆ መራገፉ ቀርቶ አዲስ አበባ ቢዘልቅ ከተጨማሪው ርቀት ሌላ ለ500 ሜትር ከፍታ 19 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ይህን የምዘረዝረው በአማካይ ሊትር ብቻ ተመሥርተው ሹፌራቸውን በሌብነት የሚጠረጥሩ ባለንብረቶች ስላሉ ነው። የናፍጣ ንጽጽር ፍትሐዊ የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መድረሻና በተቀራራቢ ክብደት መካከል ሲደረግ ብቻ ነው።

መቆጠብ የሚቻለው ሌላ ቦታ ነው። ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚለው እምነት አሁንም አልጠፋም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የዛሬ ሞተሮች መርጫ (ኢንጀክተር) ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ የሞተር ፍሬንም ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ሲግል ደግሞ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። እንግዲህ ይህ ልማድ ናፍጣም ሸራም ሕይወትም የሚያስከፍል ነው። ሁለተኛው ሞተር አስነሥቶ መቆም ነው። ከባድ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ይጠጣል፤ ሹፌሩ በወደቡ ሙቀት ለማቀዝቀዣው ብሎ 8 ሰዓት ሞተር አስነሥቶ ቢያድር 24 ሊትር፣ 2,400 ብር በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው። ለሹፌሩ ጥላና ነፋስ ያለበት ማደሪያ መክፈል ከዚህ ብዙ ያንሳል።

ለቁጥጥሩ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ መደረጉ ለባለንብረት ሳይታሰብ የመጣ ጥቅም አለው፤ የት ማደያ፣ በስንት ሰዓትና በስንት ብር እንደተቀዳ መዝገብ ይቀራል። ጋኑን ሲነሣ ሙሉ አድርጎ፣ ሲመለስ እንደገና ሙሉ አድርጎ በመሙላት የሚገኘውን ልዩነት ከዚህ መዝገብ ጋር ያስተያዩት። ማደያ ባዶ ሆኖ በጀሪካን ከጎዳና ላይ የተገዛ ናፍጣ ግን በዋጋም በጥራትም ሒሳቡን ያበላሻል፤ ንጽሕናው ያልታወቀ ናፍጣ መርጫውን ቢጎዳ ጉዳቱ ከአንድ ቢያጆ ናፍጣ ሊበልጥ ይችላል። እኔ የማየው የተሻለ ዘዴ ለእያንዳንዱ መስመር የተመጠነ ናፍጣ ወስኖ ከዚያ በታች የተቆጠበውን ከሹፌሩ ጋር መካፈል ነው። ሹፌሩ ድርሻ ሲኖረው የሚሸጠው ናፍጣ የራሱም ይሆናል።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ እሱም ንፋስ ነው። ከአዋሽ በታች አስፋልቱ ሲግል ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማው የተሠራውም ለዚያ ነው። አንዳንድ ሹፌሮች «እንዳይፈነዳ» ብለው ትኩሱን ጎማ ያስተነፍሱታል። ንፋሱ ሲቀንስ የጎማው ጎን ይበልጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈ ቁጥር ይበልጥ ይግላል፣ በመጨረሻም የሚፈነዳው ያ የተነፈሰው ጎማ ነው። ንፋስ የሚለካው ማለዳ፣ ጎማው ሳይነቃነቅ ነው። በተጣመሩት የኋላ ጎማዎች መካከልም የመጠን ልዩነት እንዳይኖር ጎሚስታውን ይቆጣጠሩ፤ አዲስ ጎማ ካለቀ ጎማ ጋር ሲጣመር አዲሱ ከሁለቱ ሸክም የሚበዛውን ተሸክሞ ከጊዜው በፊት ያልቃል። ከመጠን በላይ መጫንም እዚሁ ይገባል፤ ጭነት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአክስል ላይ ካረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚቀራረብ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የመንገድ ሙከራ ጀምሮ ይታወቃል፤ 20 በመቶ ትርፍ ጭነት ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። መንገዱ የሚጎዳው ደግሞ ነገ የእርስዎን ባሌስትራ ሊሰብር ነው።

«እጄ ላይ የሚቀር የለም» ያሉት ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጪ የሆነ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ቀሪውን 6 ሚሊዮን ብር በ5 ዓመት የሚከፍሉ ከሆነ በዓመት 1,200,000 ብር ለዋናው ዕዳ ይሄዳል። ይህ ከኪስዎ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ወጪ ግን አይደለም፤ የመኪናው ባለቤትነት ወደ እርስዎ የሚዛወርበት ክፍያ ነው። ወጪ የሆነው ወለዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ብድሩ መኪና እያተረፈ የከሰረ ሊመስል ይችላል። አሮጌው ደግሞ በተቃራኒው የእርጅና ቅናሹን ማንም ስለማይጽፍለት ካተረፈው በላይ ያተረፈ ይመስላል፤ ለመተኪያው የተቀመጠ ገንዘብ እንደሌለ የሚታወቀው ሞተሩ የወረደ ዕለት ነው። በ1186/2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ መሠረት ያገለገሉ መኪኖች የሚጣልባቸው ታክስ ከፍ ስላለ አሮጌውን በሌላ አሮጌ መተካት እንደ ቀድሞው ርካሽ አይደለም።

ጂፒኤሱን በተመለከተ፣ መኪናው የት እንዳለ ለማየት ብቻ ከሆነ ሹፌሩን በስልክ መጠየቅ ይበቃል። የሚጠቅመው ወደቡን፣ ጋላፊንና ማራገፊያዎቹን በካርታው ላይ ከልለው በእያንዳንዱ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት እንዲመዘግብ ካደረጉት ነው፤ ያኔ ደብተሩን ይተካልዎታል፤ የቆይታ ክፍያ ክርክር ሲነሣም የማይካድ ማስረጃ ይሆናል። ከደብተሩ ይጀምሩ፤ መሣሪያው በኋላ ይደርሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ አሮጌውን ስለ መሸጥ ነው። ዛሬ 5 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ በየዓመቱም 400,000 ብር ያህል ዋጋው ይቀንሳል እንበል። መድን 130,000፣ ደመወዝ 300,000፣ ልዩ ልዩ 160,000 ሲደመር ዓመታዊ ቋሚ ወጪው 990,000፣ የቀኑ 2,750 ብር ነው። በአንጻሩ ናፍጣው በ10 በመቶ፣ ጥገናው በእጥፍ ቢበልጥ የቢያጆ ወጪው ወደ 142,000 ብር ይደርሳል። በሌላ አነጋገር አዲሱ መኪና ሲቆም ውድ፣ ሲሄድ ርካሽ ነው፤ አሮጌው ሲቆም ርካሽ፣ ሲሄድ ውድ ነው። አሁን ሁለቱን ያለ ልዩነት በተራ ያሰማሯቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ቶሎ የሚመለሰውን ሥራ፣ ለምሳሌ ወደ ሞጆ የሚገባ ኮንቴይነር፣ ለአዲሱ፤ ማራገፊያው የሚዘገየውን ወይም ተራው የሚረዝመውን ለአሮጌው ይስጡ። በወር አንዱ 4፣ ሌላው 2 ቢያጆ የሚሠሩ ከሆነ፣ 4ቱን አዲሱ ሲሠራና 4ቱን አሮጌው ሲሠራ ያለው ልዩነት፣ ገቢው እኩል ቢሆን፣ በወር ወደ 45,000 ብር ነው። ማኅበርዎ ስምሪቱን በጥብቅ ተራ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህን በሙሉ ማድረግ አይችሉም፤ ተራ የመለዋወጥ ፈቃድ ካለ ግን ይጠቀሙበት።

ከዚህ በኋላ ሽያጩ ወደ አንድ ንጽጽር ይወርዳል። አሮጌው ቢሸጥ 5 ሚሊዮኑን ብር የትም ሳያውሉ ዕዳውን ቢከፍሉበት በዓመት 800,000 ብር ወለድ ይቀርልዎታል። ስለዚህ አሮጌው መኪና መቆየት የሚገባው በዓመት ከቢያጆ ወጪው በላይ ቢያንስ 1,790,000 ብር፣ ማለትም ቋሚ ወጪውንና ይህን ወለድ የሚሸፍን ገንዘብ ካስገባ ነው። በወር 2 ቢያጆ የሚሠራ ከሆነ የአንዱ ቢያጆ ገቢ 217,000 ብር ገደማ መድረስ አለበት፤ በወር 3 ከሠራ 192,000 ብር ይበቃል። ገቢው ከዚህ በታች ከሆነና ቢያጆውን መጨመር ካልቻሉ ይሽጡት። ውሳኔውን ግን ቢያንስ የ3 ወር መዝገብ ከመያዝዎ በፊት አይወስኑ፤ ሦስቱ ወራትም ከፊላቸው ማዳበሪያ የሚጫንበት፣ ከፊላቸው የማይጫንበት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የአንዱ ወቅት ተራና የማራገፊያ ቆይታ ለሌላው ወቅት መለኪያ ሊሆን አይችልም።